እልኸኛ ልጅ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይመለሳል፦ ከ2 እስከ 7 ዓመት ልጅ ላለበት ቤት

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። እራት ገና እሳት ላይ ነው። የ4 ዓመቱ ልጅ ብስኩት ይጠይቃል። «እራት ደርሷል፣ አይሆንም» ትላለች እናት። ይነጫነጫል። «አይሆንም አልኩህ እኮ!» ልጁ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ጩኸቱ ግቢውን ያዳርሳል። ሽንኩርቱ እያረረ ነው፣ ስልኩም ይጠራል። «በል እንካ! አንድ ብቻ ግን!» ጸጥ።

በዚህች 5 ደቂቃ ሁለት ሰው ትምህርት ቀስሟል። ልጁ «አይሆንም» ማለት «ገና በደንብ አልጮህክም» ማለት እንደሆነ ገባው። እናትም ብስኩት ጩኸት እንደሚያቆም አየች። ሁለቱም የፈለጉትን ስላገኙ ነገም ይደግሙታል። ልዩነቱ ነገ ልጁ የሚነሳው ዛሬ ካቆመበት ጩኸት መሆኑ ነው። ጄራልድ ፓተርሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኦሪገን ውስጥ ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየተከታተለ ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ መገዳደድ ነው። ለዚህ ልጁ ክፉ፣ እናትየዋም ደካማ መሆን የለባቸውም። የደከመ ቤት ይበቃል።

ነገሩ በሌላው በኩልም ይሠራል። አባት ሦስት ጊዜ በቀስታ ተናግሮ ካልተሰማ በኋላ ይጮኻል፤ ልጁ ብድግ ይላል። አባት ጩኸት እንደሚሠራ ተማረ፣ ልጁም አባቱ እስኪጮህ ድረስ መነሳት እንደማያስፈልግ። ከዚያ በኋላ «ይሄ ልጅ ካልጮኹበት አይሰማም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ያደረገው ቤቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አልፎ አልፎ መሸነፍ ሁልጊዜ ከመሸነፍ ይከፋል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠው ሁልጊዜ ስለሚደርሰው አይደለም፤ አንድ ቀን ሊደርሰኝ ይችላል ብሎ ነው። ከአምስት ጩኸት በአንዱ ብስኩት ያገኘ ልጅም ሌላውን አራት ጊዜ ሳይታክት ይሞክራል።

አብዛኛው ወላጅ ማስተካከል የሚጀምረው ከቅጣት ነው፤ ቤት ከጣራው እንደመጀመር ማለት ነው። ቅጣት የመጨረሻው ነገር ነው፣ ከፊቱ ያሉት ከተሠሩም ብዙ አያስፈልግም።

መጀመሪያ 7 ቀን ጻፉ

አንድ ደብተር አውጡና ገጹን ለሦስት ክፈሉት፦ ከመጀመሩ በፊት ምን ነበር፤ ልጁ ምን አደረገ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፤ ከዚያስ ማን ምን አደረገ። በዚህ ሳምንት ምንም ነገር አትቀይሩ፣ ጻፉ ብቻ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ማክሰኞ 12፡40። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። እህቱን ነከሰ፣ 6 ደቂቃ አለቀሰ። አያቱ አቀፈችው፣ ቴሌቪዥኑን መልሳ ከፈተችለት።»

«በጠበጠ»፣ «አስቸገረ»፣ «ባለጌ ሆነ» ብላችሁ አትጻፉ። ካሜራ ቢኖር የሚያየውን ብቻ ጻፉ፤ ነከሰ፣ ወረወረ፣ ጮኸ፣ ተደበቀ። «አስቸገረ» የሚለው ቃል ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እኛ ድካም ነው የሚናገረው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ችግሩ ቀኑን ሙሉ የተበተነ ይመስላችሁ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ፦ ጠዋት ልብስ ሲለበስ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ፣ ከእራት በፊት፣ ስክሪን ሲዘጋ። ከዚያ ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የልጁ አስተማሪ ያለው እዚያ ነው።

እንቅልፍና ሆድ

በደብተሩ ላይ ካሉት ጩኸቶች ብዙዎቹ አመል ሳይሆኑ ድካምና ረሃብ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀን እንቅልፍም ይቆጠራል። ከ6 ዓመት ጀምሮ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል።

ይህን በአዲስ አበባ ሰዓት እናስላው። ሰርቪስ 1 ሰዓት ላይ የሚመጣ ከሆነ ልጁ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። 10 ሰዓት ለመተኛት ማታ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ማለት ነው። አባት ከትራፊክ ተላቆ ቤት የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ፣ ልጁን ለማየት ሲባል እስከ 4 ሰዓት ማስመሸት የተለመደ ነው። የማግስቱ የምሽት ጩኸት የዚያ ሂሳብ ነው። የሚሻለው አባት ጠዋት 20 ደቂቃ ቀድሞ ተነስቶ ልጁን ራሱ ቢያለብሰውና ቁርስ ቢያበላው ነው።

የመኝታ ሰዓት በአንድ ቀን አይቀየርም። 4 ሰዓት የሚተኛውን ልጅ በየ3 ቀኑ 15 ደቂቃ እያስቀደማችሁ አውርዱት፣ ወር አይሞላም። ቅደም ተከተሉ በየማታው አንድ ዓይነት ይሁን፤ እግር መታጠብ፣ ጥርስ፣ ሽንት ቤት፣ አንድ ተረት፣ መብራት። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ መብራት አጥፍቶ መቀመጥ ለሁሉም እንደማይመች ግልጽ ነው። የልጁን መኝታ ከቴሌቪዥኑ በጀርባ በኩል አድርጉት፣ ድምፁን ቀንሱ፣ የጣራውን አምፖል ትታችሁ ትንሹን መብራት ተጠቀሙ። ፍጹም አይሆንም፤ ግን የብርሃኑ መቀነስ ብቻውን ይረዳል።

ስለ ሆድ አጭር ነው። ምሳ ዕቃውን 6 ሰዓት ላይ የበላ ልጅ እራት እስከ 1 ሰዓት ድረስ ካልደረሰ 7 ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆዱን ነው። 10 ሰዓት ገደማ ሳይጠይቅ መክሰስ ስጡት፤ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል። «ሳይጠይቅ» የሚለው ቃል ዋና ነው፤ አልቅሶ ካገኘው ያው ብስኩቱ ሆነ ማለት ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ለውዝ አትስጡ፣ ሊያንቀው ይችላል።

ስክሪንም ከዚሁ ጋር ይታያል። ያው የ2019 መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ጠቡ የሚነሳው በአብዛኛው ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ቀጣዩን በራሱ የሚከፍተውን ማስተካከያ አጥፉት፤ «ይሄ ሲያልቅ ይዘጋል» በሉት፣ ሲያልቅ ስልኩን በእጁ ይመልስላችሁ። መሃል ላይ መንጠቅ ተረትን መሃል ላይ እንደማቋረጥ ነው፣ ትልቅ ሰውም ይናደዳል። የሚያለቅስን ልጅ ዝም ለማሰኘት ስልክ መስጠት ግን ጨርሶ ይቅር። «ስልክ ካልያዘ አይበላም» የሚባለው ልጅም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ለጤነኛ ልጅ መፍትሔው ሳህኑን ያለ ስልክ አቅርቦ 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልበላ ያለ ቁጣ ማንሳት፣ ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ መስጠት ነው። ክብደቱ የቀነሰ ልጅ ከሆነ ግን ይህን ከመሞከር በፊት ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

በቀን 15 ደቂቃ

ይህ ክፍል ቀላል ስለሚመስል ሰው ይዘለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከተባባሪዎቻቸው ጋር ያዘጋጁት የወላጆች ሥልጠና ግን የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር በየቀኑ ለብቻው የሚያሳልፉት ጊዜ። «ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ለዚህ 15 ደቂቃ ተዉት።

አሠራሩ ይህ ነው። ስልካችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ጨዋታውን ልጁ ይምረጥ፤ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ዕቃ ዕቃ፣ ጭቃ፣ ምንም ይሁን። እናንተ የሚያደርገውን እንደ ሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ ተናገሩ፤ «ቀዩን ቆርኪ ከላይ አደረግከው… ሌላ ጨመርክ… ኧረ ወደቀ!» አትጠይቁ፣ አታርሙ፣ አታስተምሩ። ብዙ ወላጅ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ መኪና ሲነዳ «ቀለሙ ምንድን ነው? በእንግሊዝኛስ? እስከ አስር ቁጠርልኝ» ይጀመራል። ያኔ ጨዋታው ፈተና ሆኗል፣ ልጁም ተነስቶ ይሄዳል።

ሲያልቅ 2 ደቂቃ ቀድማችሁ ንገሩት። በዚያ ቀን ቢያጠፋም 15 ደቂቃው አይነሳበት፤ ይህ ሽልማት አይደለም፣ እንደ እራት ነው። ሁለት ሦስት ልጅ ካላችሁ ለየብቻ 10 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥቅሙ የሚታየው በጠቡ ሰዓት ነው። ያለ ጩኸት ዓይናችሁን ያገኘ ልጅ ለማግኘት መጮህ ያንስበታል።

ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ሌላ ነው። የእሱ ልቅሶ አመል አይደለም፣ ቶሎ ማንሳትም አያሞላቅቀውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን እየዞረች ስትመለከት፣ የልጃቸውን ምልክት በደንብ የሚያነቡ እናቶች ልጆች ከእናታቸው ተነስተው አካባቢውን ለማሰስ ይበልጥ ደፋሮች ሆነው ነው ያገኘቻቸው። ከዚህ በታች ያለው «ዝም ብሎ ማለፍ» ለሕፃን አይሠራም።

እንዴት ማዘዝ

ከማድ ቤት ሆኖ «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህ የት አለ፣ ፊትህን ታጠብክ ወይ፣ ኧረ ፍጠን!» ማለት ትእዛዝ አይደለም፣ ጫጫታ ነው። የ3 ዓመት ልጅ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነገር ነው የሚይዘው።

ወደ ልጁ ሂዱ። እስከ ዓይኑ ድረስ ዝቅ በሉ። ስሙን ጥሩት፣ እስኪያያችሁ ጠብቁ። አንድ ነገር በሉ፤ «ጫማህን አድርግ።» ከዚያ በሆዳችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ በዚህ መሃል አትናገሩ። ለትልቅ ሰው 10 ሰከንድ ረጅም ነው፤ ልጁ ግን የያዘውን አሳብ ትቶ ወደ ጫማው ለመዞር ይህን ያህል ያስፈልገዋል። በየ2 ሰከንዱ ስትደግሙበት ሥራውን ከመጀመሪያው እያስጀመራችሁት ነው። ከጀመረ ወዲያው አመስግኑ። ካልጀመረ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውጤቱን ጨምራችሁ ድገሙት፤ «ጫማህን ካላደረግክ እኔ አደርግልሃለሁ።» ከዚያ አድርጉ።

ምርጫ የሌለውን ነገር በጥያቄ አታቅርቡ። «እንተኛ እንዴ?» ካላችሁ «አይ» ትክክለኛ መልስ ነው። ምርጫ መስጠት ከፈለጋችሁ እናንተ በምትቀበሉት ሁለት ነገር መካከል ይሁን፤ «ቀዩን ሹራብ ወይስ ሰማያዊውን?»

«ተው!» የሚለውን ቃል ቆጥቡ። ብዙ ቤት ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚባል ብትቆጥሩ ትደነግጣላችሁ። «ተው» ምን መቅረት እንዳለበት እንጂ ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም። «አትሩጥ» ከማለት «እጄን ያዝና ቀስ ብለህ ሂድ»፤ «አትጩህ» ከማለት «በጆሮዬ ንገረኝ»። መኪና ሲመጣ የምትጮኹት «ተው!» ኃይል እንዲኖረው በሌላው ጊዜ አታርክሱት።

በአያ ጅቦ፣ በፖሊስና በመርፌም አታስፈራሩ። ጅቡ ሳይመጣ ሲቀር የሚወድቀው የእናንተ ቃል ነው። መርፌው ደግሞ የባሰ ነው፤ ክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቅጣት ሊቀበል የሄደ መስሎት ይርበተበታል።

ማመስገን ፊት መስጠት አይደለም

«ልጅ ሲያመሰግኑት ይቀብጣል» የሚል ፍርሃት አለ። የሚያቀብጠው ያለ ሥራ የሚመጣ ውዳሴና ያለ ወሰን መስጠት ነው። የተደረገን ነገር ለይቶ መጥራት ግን ልጁ የትኛውን እንዲደግም እንደምንፈልግ የምንነግርበት መንገድ ነው። «ጎበዝ» ብቻውን ደካማ ነው፤ ምኑ እንደሆነ አይታወቅም። «ሳልነግርህ ሳህንህን አነሳህ፣ ጎሽ!» ይሻላል፤ ወዲያው፣ ድርጊቱ ገና ትኩስ ሳለ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካሮል ድዌክና ክላውዲያ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ገፉበት። ስለዚህ «አንተ እኮ ጭንቅላት ነህ» ከማለት «ሦስት ጊዜ ሞከርከው፣ ወጣልህ» ማለት ይበልጣል።

ምስጋናውን ጭራ አትቀጥሉበት። «ዕቃህን ሰበሰብክ፣ ጎሽ! ሁልጊዜ እንዲህ ብትሆን ምን ነበረበት?» ካላችሁ ልጁ የሚሰማው የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ዝም ብሎ ማለፍ፣ ከዚያ ቅጣት

ንጭንጭ፣ ለብስኩት የሚለቀስ ልቅሶ፣ ኩርፊያ፣ ለማናደድ የተጣለ ስድብ፤ እነዚህ የሚኖሩት በእኛ ዓይንና መልስ ነው። «አይሆንም» አንድ ጊዜ ከነምክንያቱ ተናገሩ። ከዚያ ፊታችሁን አዙሩ፣ ሽንኩርታችሁን መክተፍ ቀጥሉ። «እየሰማሁህ አይደለም» አትበሉ፤ እሱም መስማት ነው። ዝም ባለበት ቅጽበት፣ 5 ሰከንድም ትሁን፣ ዞር ብላችሁ በተለመደው ድምፅ አናግሩት፤ «ና ሽንኩርቱን ሳህን ላይ አድርግልኝ።» መማታት፣ መንከስ፣ ዕቃ መስበር፣ ወደ መንገድ መሮጥ ግን ዝም አይባልም፤ ወዲያው በእጅ ይያዛል።

አስቀድማችሁ እወቁት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል። 5 ደቂቃ የነበረው ልቅሶ 15 ሊሆን ይችላል። ይህ ዘዴው እንዳልሠራ ሳይሆን ልጁ የድሮው ቁልፍ ለምን እንደማይከፍት እየፈተነ መሆኑን ያሳያል። በሦስተኛው ቀን ብትሸነፉ ያስተማራችሁት 15 ደቂቃ መጮህን ነው። ስለዚህ እንግዳ ባለበት ሰሞን፣ ለበዓል ዋዜማ ወይም ልጁ ታሞ ሳለ አትጀምሩት። በኪራይ ግቢ የምትኖሩ ከሆነ ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ማታ «ምነው ልጁን ገደላችሁት!» ብለው ከረሜላ ይዘው ይመጣሉ።

ቅጣት ሲያስፈልግ ቅርብ፣ ትንሽና ማለቂያ ያለው ይሁን። ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጅ የወረወረውን ዕቃ 5 ደቂቃ መውሰድ ይበቃል። ከ4 ዓመት ጀምሮ ላለው፣ እናንተ በምታዩት ጥግ ዱካ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በዕድሜው ልክ ደቂቃ፣ ለ4 ዓመት 4 ደቂቃ። ጨለማ ክፍል፣ ሽንት ቤት ወይም ከበር ውጭ አይሆንም። ሲያበቃ ስብከት የለም። ወደ መጀመሪያው ትእዛዝ ተመለሱ፤ መሬት ላይ የተበተነው ቆርኪ አሁንም ይለቀማል። «ለአንድ ሳምንት ቴሌቪዥን የለም» የሚባለው ቅጣት የሚፈርሰው በቀጪው ነው፤ ሐሙስ ዕለት ሥራ ሲበዛባችሁ ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ።

ዱላስ? ዱላ በዚያች ደቂቃ ያስቆማል፣ ለዚህ ነው የሚለመደው። ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ገርሾፍና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ጉዳት የማያደርስ ተራ የመዳፍ ምት እንኳ ከበለጠ ተደባዳቢነትና ከወላጅ ጋር ከሻከረ ግንኙነት ጋር ተያይዞ አገኙት፤ ከተሻለ ባሕርይ ጋር አልተያያዘም። በበርበሬ ማጠን ደግሞ ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ ነው፤ ስለ እሱ መከራከርም አያስፈልግም። አበው ራሳቸው «የማይመቱት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብለዋል። ቃል የሚበቃው ቃል ለለመደ ልጅ ነው።

ሕጉንም እወቁ። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ ያደርጋቸዋል። በውጭ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ስዊድን በቤት ውስጥም ጭምር መምታትን እ.ኤ.አ. በ1979 ከዓለም ቀድማ ከልክላለች፤ በእስራኤል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እጃችሁ ካመለጣችሁ፣ ሁለታችሁም ስትረጋጉ «መታሁህ፣ ልክ አልነበርኩም» በሉት። ጥፋቱ ግን ጥፋት እንደሆነ ይቆያል፤ ከይቅርታው ጋር ብስኩት አታምጡ።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሌሎች

እስካሁን ያለው ሁሉ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ልጁን የሚያሳድገው አንድ ሰው አይደለም፤ አያት፣ አክስት፣ ሠራተኛ፣ አባት አለ። እናት ከለከለች፣ አያት ሰጠች ማለት ያ የሎተሪው ቤት ነው።

ልጁ ከተኛ በኋላ ተሰብሰቡና ሦስት ሕግ ብቻ ምረጡ። ሦስት፣ አስር አይደለም። ለምሳሌ፦ መምታትና መንከስ የለም፤ በልቅሶ የሚገኝ ነገር የለም፤ ማታ 2 ሰዓት መኝታ ነው። በሌላው ነገር እያንዳንዱ እንደ አመሉ ይሁን።

አያትን «እማዬ፣ አታበላሺብኝ» ብሎ መናገር ጠብ እንጂ ለውጥ አያመጣም። የመስጠቱን ደስታ አትቀሟት፣ ሰዓቱን አዛውሩት፤ «እማዬ፣ ከረሜላውን የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ ግን ከምሳ በኋላ ይሁንልኝ፤ ሲያለቅስ ከሰጠሽው ለኔ አይታዘዝም።» ተረት ተረቱንም ለእሷ ስጧት፤ የመኝታው ሰዓት ባለቤት ስትሆን ጠባቂውም ራሷ ትሆናለች።

የሠራተኛዋ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቀኑን ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት፤ ሥልጣን ግን የላትም። እናት ከሥራ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ለምን አስለቀስሽው?» ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ልጁ እንዳያለቅስ የጠየቀውን ሁሉ ትሰጣለች። ለእንጀራዋ ስትል ነው። ስለዚህ በልጁ ፊት «እሷ ስትናገር እኔ እንደተናገርኩ ነው» በሉ፤ ስህተት ካለ ልጁ በሌለበት ንገሯት፤ ሦስቱን ሕጎች በቃል ሳይሆን አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ውላችሁ አሳዩአት። በልጁ ፊት የተሰደበች ሞግዚትን ልጁ ነገ ራሱ ይሰድባታል።

«አባትህ ይምጣ!» የሚለው ማስፈራሪያ ሁለት ጉዳት አለው። ለ4 ዓመት ልጅ ከ5 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ቅጣት ከጥፋቱ ጋር አይገናኝም፤ የበሩ መንኳኳትም ፍርሃት ይሆናል።

ባልና ሚስት ሲጣሉ ልጅ በር ቢዘጋበትም ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ማግስቱን በሆድ ቁርጠት፣ በአልጋ ላይ መሽናት ወይም እኩያን በመምታት ይወጣል። የተጨቃጨቃችሁት በልጁ ፊት ከሆነ፣ እርቁም በፊቱ ይሁን። ልጆች ክርክር ሲቋጭ ሲያዩ ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው። ጓዳ ገብቶ ታርቆ ሳሎን ላይ ማኩረፍ ለልጁ ጠቡ እንዳላለቀ ነው። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ግን የልጁን አመል ማስተካከል አይቀድምም፤ መጀመሪያ ከአደጋው መውጣት ነው።

እናት ወይም አባት ውጭ አገር ከሆነ

ዓረብ አገር ሠርታ ለቤቷ የምትልክ እናት ልጅ ብዙ ጊዜ አያት ጋር ያድጋል። በኢሞ መደወል ያገናኛል፣ ግን አደዋወሉ ይለያያል። በተቻለ መጠን ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ በሳምንት ሁለቴ 10 ደቂቃ በድንገት ከሚመጣ የ1 ሰዓት ጥሪ ይሻላል። «ደህና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው?» መልሱ «ደህና» ብቻ ነው። የልጁን ቀን ከአያቱ ቀድማችሁ ጠይቁና «ትናንት ያቺ ጥቁሯ ድመት ተመለሰች እንዴ?» በሉት። የመመለሻ ቀን እርግጥ ሳይሆን «ለፋሲካ እመጣለሁ» አትበሉ። አሳዳጊውም «እናትህ እቃ አትልክልህም» ብሎ አያስፈራራ፤ ርቆ ያለን ሰው የቅጣት መሣሪያ ማድረግ ነው።

ስትመለሱ ልጁ ላይቀርባችሁ ይችላል፤ አያቱ ቀሚስ ሥር ይደበቃል። «እናትህ እኮ ናት፣ ሳማት!» ተብሎ አይገፋ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያት እንዳበላችው ታብላው፣ እናንተ አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ 15 ደቂቃውን ጨዋታ ጀምሩ። እሱ መጥቶ ጭናችሁ ላይ ሲቀመጥ ነው መታጠቡንና ማስተኛቱን አንድ በአንድ የምትረከቡት። በአንድ ቀን ከአያት ነጥቆ ሌላ ቤት መውሰድ ለልጁ ሁለተኛ እናት ማጣት ነው።

አመል የማይመስለው ነገር

የማይታዘዝ ልጅ አንዳንዴ የማይሰማ ልጅ ነው። ጆሮው የሚመግል፣ ቴሌቪዥኑን በጣም የሚያስጮህ፣ ከጀርባው ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ በመጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ። በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል ያልወጣው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ ወይም ይናገረው የነበረውን የተወ ልጅ ካለ፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። በአዲስ አበባ ከኦቲዝም ጋር ለሚኖሩ ልጆች ጆይ እና ነህምያ የተባሉ ማዕከላት አሉ። ከ4 ሳምንት ወጥ አሠራር በኋላም ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ልጅ፣ በድንገት ጠባዩ የተለወጠ ልጅም እንዲሁ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ድንገተኛ ለውጥ ሰው ከጎዳውም ሊመጣ ይችላልና በእርጋታ ጠይቁት።

በአምስተኛው ሳምንት ደብተሩን እንደገና አውጡና 7 ቀን ጻፉ። «ጨዋ ሆነ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ ብላችሁ ቁጠሩ። በቀን 6 የነበረው 3 ከሆነ፣ 15 ደቂቃ የነበረው 4 ከሆነ እየሠራ ነው፤ ምንም አትቀይሩ። ካልቀነሰ ሦስተኛውን ክፍል አንብቡ፤ ከሰባቱ ቀን በአንዱ ብስኩቱን የሰጠ ሰው ስሙ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ምናልባትም በራሳችሁ እጅ ጽሕፈት።